የሸዋረገድ ሃምሳ ቃላት

ሸዋረገድ ጮክ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ቤሩት ውስጥ የሚያውቋት ሀበሾች ስለ እሷ ሲያወሩ መጀመሪያ የሚያነሱት ይኼንኑ ነው። ስልክ ስታነሳ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ሸሸት ይላል፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሹክሹክታ የጠየቀችው ነገር ሦስት ረድፍ አልፎ ይሰማል። ቁጡ ሆና አይደለም፤ ሥራዋ ያስለመዳት ነገር ነው። በሃያ ሦስት ዓመቷ ከደብረ ብርሃን መጥታ የገባችው መዝረዓ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ማዳም ሱዓድ ቤት ነው። ማዳም ሱዓድ ደግሞ ጆሯቸው ከባድ ነው።

ማዳም ሱዓድ ጡረታ የወጡ የፈረንሳይኛ አስተማሪ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ሁለቱ ልጆቻቸው የሚኖሩት ባሕር ማዶ ነው። መጀመሪያ ላይ እንደ ሌላው አሠሪ ሁሉ የሸዋረገድን ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውበት ነበር። በአራተኛው ዓመት አንድ ቀን ጠዋት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና «ይኼ ያንቺ ነው፤ እኔ ጋ ምን ይሠራል?» አሏት። ለምን ያን ቀን እንደሆነ እሳቸው አልተናገሩም፤ እሷም አልጠየቀችም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እየተጯጯሁ ኖሩ። ጎረቤቶች መጀመሪያ የሚጣሉ ይመስላቸው ነበር። ኋላ ግን ቤቱ ፀጥ ሲል ነው የሚደነግጡት፤ «ዛሬ ምነው ዝም አላችሁ? ሰላም ናችሁ?» ብለው በር ያንኳኳሉ።

የወደቡ ፍንዳታ የደረሰ ቀን ሸዋረገድ ወደቡ አጠገብ ባለው ጀመይዜ ሰፈር ነበረች። የማዳም ሱዓድ የመስሚያ መሣሪያ ተበላሽቶ ለጥገና ከተሰጠበት ሱቅ ተቀብላ ወጥታ፣ መንገድ ዳር ቆማ ሰው የሚጋራውን ታክሲ፣ ሰርቪሱን፣ ትጠብቅ ነበር። ሐምሌ ሃያ ስምንት ቀን፣ ከአመሻሹ አሥራ ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል። ስለዚያ ሰዓት ስትጠየቅ የምትለው ትንሽ ነው። መሬቱ ከሥሯ ተነሳ፤ ከዚያ በጀርባዋ ተኝታ ነበር፤ ከዚያ ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ይሮጣሉ፣ ድምፅ ግን የላቸውም። መሣሪያው ያለበትን ትንሽ ሣጥን በእጇ እንደጨበጠች፣ የተሰባበረ መስታወት እየረገጠች፣ እስከ መዝረዓ በእግሯ ሄደች።

ማዳም ሱዓድ አራት ፎቅ ወርደው መግቢያው ደረጃ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። «መጣሁ!» ብላ ጮኸች። የራሷን ድምፅ ግን አልሰማችውም። እሳቸውም መሣሪያው ስላልነበራቸው አልሰሟትም። ሁለቱ ተቃቅፈው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና ማንም ማንንም ሳይሰማ ብዙ አወሩ።

ሆስፒታሎቹ በዚያ ቀን ከአቅማቸው በላይ ሞልተው ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ የደከመው ሐኪም ኮሪደር ላይ እንዳለች በስልኩ መብራት ጆሮዋን አየና «ታምቡሩ ተቀዷል። ብዙውን ጊዜ በራሱ ይገጥማል። ውኃ እንዳይገባበት ተጠንቀቂ» ብሎ አሰናበታት። የቀኙ ጆሮዋ በሳምንቱ ተመለሰ። የግራው ግን ሳይገጥም ቀረ። ውስጡ እንደ ተጣደ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል፣ ቀንም ሌሊትም። ለማንም አልተናገረችም። «ማዳም አይሰሙ፣ እኔም አልሰማም ካልኩ በር ሲንኳኳ ማን ሊከፍት ነው?» እያለች ለራሷ ትስቃለች። እውነቱን ለመናገር ግን ፈርታ ነበር። ጆሮዋ የማይሰማ ሠራተኛ ማን ያቆያታል? ስለዚህ ሰው ሲያናግራት ሁልጊዜ በስተግራው ትቆማለች፤ ቀኝ ጆሮዋ ወደ ሰውየው እንዲዞር። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖረች፤ ማንም አላወቀባትም።

ያወቀችባት ዶክተር ሩላ ናት። ዶክተር ሩላ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ናት፤ ማዳም ሱዓድን በየስድስት ወሩ የምታያቸው እሷ ነች። በዚያ ዓመት በፍንዳታው ጆሯቸው የተጎዳ ሰዎችን ፈልጎ እንዴት እንደሆኑ የሚከታተል ጥናት ጀምራ ነበር። ማዳም ሱዓድን መርምራ ስትጨርስ፣ ሸዋረገድ ቀኝ ጆሮዋ ወደሚናገረው ሰው እንዲሆን ወንበር እንደምትቀይር ልብ አለች። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነስታ በሸዋረገድ በስተግራ ቆመችና አፏን በፋይል ሸፍና በዝግታ ጠየቀቻት፦

«ስምሽ ማነው?»

ሸዋረገድ የማዳምን ሹራብ እያጠፈች ነበር፤ ቀና አላለችም።

ማዳም ሱዓድ አዲስ ባትሪ የገባለት መሣሪያቸው ጆሯቸው ላይ ነበር። «ሻዋ! ዶክተሯ ስምሽን ጠይቃሻለች እኮ!» አሏት፤ እሳቸው የሚጠሯት ሻዋ ብለው ነው።

ሸዋረገድ ሹራቡን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለቻት ዶክተሯ።

«ከዚያን ቀን ጀምሮ።»

ማዳም ሱዓድ ፊታቸው ተለወጠ። «የኔን መሣሪያ ልታመጪ በሄድሽበት?» አሉ። ሸዋረገድ ሹራቡን እንደገና ማጠፍ ጀመረች። «ሦስት ዓመት ሙሉ?» አሉና እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሰደዱ። መሣሪያውን አውጥተው የሚወረውሩት መስሏት ሸዋረገድ ብድግ ብላ እጃቸውን ያዘች። ወደ ቤት ሲመለሱ ሰርቪሱ ውስጥ አሮጊቷ የሸዋረገድን እጅ እስኪወርዱ ድረስ አልለቀቁትም።

ጥናቱ የሚሠራው ቀላል በሚመስል መንገድ ነበር። መጀመሪያ የፈቃደኝነት ቅጽ ይፈረማል፤ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ የሚሉት ወረቀት፣ አይጠየቅም። ቀጥሎ ድምፅ የማያስገባ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ማዳመጫ ይደረጋል። መለኪያውን የሚይዘው ነዲም የሚባል መነጽር ያደረገ ዝምተኛ ሰው ነው። በመጀመሪያው ፈተና ቀጭንና ወፍራም ድምፅ ይላካል፤ የሰማ ሰው ቁልፍ ይጫናል። በሁለተኛው የዓረብኛ ቃል ይነበባል፤ የሰማ ሰው የሰማውን ይደግማል። ታምቡሩ ሳይገጥም የቀረበት ሰው ከተገኘ ጥናቱ በቀዶ ጥገና ያስጠግንለታል።

የሸዋረገድ የመጀመሪያው ፈተና እንደተጠበቀው ሆነ። ቀኙ ደህና፣ ግራው የተዳከመ። ሁለተኛው ግን ነዲምን ግራ አጋባው። በደህናው ጆሮዋ ከተነበቡላት ሃያ አምስት ቃላት በትክክል የደገመችው አሥሩን ብቻ ነው። ዶክተር ሩላ ወረቀቱን አገላብጣ አየች። በጥናቱ ውስጥ አሥራ አንድ ሀበሾች ነበሩ፤ የሁሉም ውጤት እንደዚሁ ነው።

«ምናልባት ፍንዳታው ነርቩንም ጎድቶት ይሆናል» አለ ነዲም። «ወይም ከጥናቱ እናውጣቸው፤ ቁጥሩን ያበላሹብናል።»

ሸዋረገድ የክፍሏ በር ተከፍቶላት ስለነበር በዓረብኛ የሚባለውን ሁሉ ትሰማ ነበር። «ዶክቶራ» አለች፣ ድምፅዋ መስታወቱን አልፎ ኮሪደሩ ድረስ እየደረሰ፣ «ጆሮዬ ሰምቷል እኮ! ቃሉን አላውቀውም እንጂ። መጥረጊያ በሉኝ፣ ሽንኩርት በሉኝ፣ ባልኮኑን እጠቢ በሉኝ፤ አንድ አልስትም። እናንተ የምታነቡት የመጽሐፍ ቃል ነው። እነዚህ ቃላት እኛ ወጥ ቤት ገብተው አያውቁም!»

ነዲም መነጽሩን አወለቀ። ዶክተር ሩላ ወንበሯን ስባ ቁጭ አለች። ብዙ ሰዎች ሸዋረገድን ሲያዳምጡ ጆሯቸውን ያዝ ያደርጋሉ፤ ዶክተሯ ግን ወደ ፊት ጠጋ አለች።

«በአማርኛ ብንጠይቃችሁስ?»

«በአማርኛማ ተኝተንም እንሰማለን።»

ዶክተሯ የአማርኛ የቃላት ዝርዝር ፈልጋ ለጥናቷ የሚሆን አላገኘችም። ስለዚህ «አብረን እንሥራው» አለቻት። ደንቡን በዓረብኛ አስረዳቻት፦ ቃሉ አጭር መሆን አለበት፤ ከጎንደርም ከወሎም ከአዲስ አበባም የመጣች ሴት የምታውቀው መሆን አለበት፤ የቋንቋው ድምፆች ሁሉ በየፈርጁ መግባት አለባቸው። ለቀኝ ጆሮ ሃያ አምስት፣ ለግራ ሃያ አምስት።

ሴቶቹ ተሰብስበው ቃል የሚያዋጡበትን ቦታ ያገኘችላቸው ፋሲካ ናት። ፋሲካ የሸዋረገድ ጓደኛ ነች፤ ምካሌስ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ጽዳት ትሠራለች። ከአሠሪዎቿ ቤት ከወጣች ወዲህ ኢቃማ የላትም። አንጠልያስ ውስጥ ጴንጤዎች የተከራዩት የጸሎት አዳራሽ አለ፤ ፋሲካ እዚያ ትዘምር ነበር። እሷም በፍንዳታው ተጎድታለች፤ ከአሥራ አንዱም አንዷ ነበረች። የዓረብኛው ፈተና ውጤቷ የባሰ ስለነበር ሁለቱም ጆሮዎቿ የሞቱ መስሏት መዝሙሩን ተወችው። እሑድ እሑድ ድምፅ ማጉያው ሥር ተቀምጣ ሌሎቹን ታያለች። ሸዋረገድ ግን አላመነችም ነበር። «ከኋላዋ ስሟን ስጠራት ትዞር የለ እንዴ! የሞተ ጆሮ ይዞራል?» ትላለች። የሷን ድምፅ መቃብር ውስጥ ያለም ይሰማዋል የሚሏት ግን ነበሩ።

ሸዋረገድ ኦርቶዶክስ ናት፤ የጴንጤ አዳራሽ ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። የዚያን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ገባች። አሥራ አራት ሴቶች ነበሩ። ሁሉም ቃል ያዋጡ ጀመር፤ ጸሐፊዋ መቅዲ ናት፣ ከሁሉም ታናሿ።

«ሎሚ!»

«ዶሮ!»

«ደሞዝ!» አለች አንዷ።

«እሱ አይሆንም» አለች ሸዋረገድ። «ደሞዝ ሲባልማ ደንቆሮም ይሰማል።» አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

ፖሊስ የሚለውን ፋሲካ አስወጣችው፤ ወረቀት የሌላት ሴት ስትሰማው ማዳመጫውን ጥላ ትሮጣለች አለች። አንዲት ሴት «እማዬ» ስትል የሁሉም ሳቅ ቆመና አንዷ አፍንጫዋን ተናፈጠች። እሱም ቀረ። ዱካ የሚለውን ሸዋረገድ ራሷ አምጥታው ከአዲስ አበባ የመጡት «ዱካ ደግሞ ምንድነው? የእግር ኮቴ ነው?» ብለው ተነሱባት። መቀመጫው በርጩማ መሆኑን እስኪግባቡ ድረስ ሩብ ሰዓት ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ዱካም በርጩማም ወጡ። ዝናብ ገባ፤ ገመድ፣ ትራስ፣ ጫማ፣ ቅቤ፣ ጸሎት ገቡ። ሦስት እሑድ ፈጀባቸው። ከተዋጡት ብዙ ቃላት ሃምሳውን የለየችው ግን ዶክተር ሩላ ናት፤ የትኞቹ እንደተመረጡ ለሚለኩት ሴቶች አልተነገራቸውም።

ቃላቱን የሚያነብ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። መቅዲ ሞከረች፤ ሳቅ አላስጨርስ አላት። ሌላዋ ከእያንዳንዱ ቃል በፊት ትተነፍሳለች። ነዲም በመሣሪያው ሲያየው ከሁሉም የጠራው የሸዋረገድ ነበር፤ አንድ ችግር ብቻ፣ ስትናገር የድምፅ መለኪያው መርፌ ቀዩ ላይ ይጣበቃል። ከመቅረጻቸው በፊት ግን ዶክተር ሩላ ለብቻዋ ጠርታ አነጋገረቻት።

«አንድ ነገር ማወቅ አለብሽ» አለቻት። «ያነበበ ሰው ቃላቱን በቃሉ ያውቃቸዋል። አንቺን በገዛ ድምፅሽ ልለካሽ አልችልም። ካነበብሽ ከጥናቱ ትወጫለሽ።»

«ቀዶ ጥገናውስ?»

«ጥናቱ የሚከፍለው ጥናቱ ውስጥ ላለ ሰው ነው። ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ። ግን ቃል አልገባልሽም።»

ሸዋረገድ ያን ቀን ሰርቪስ አልያዘችም፤ እያሰበች በእግሯ ሄደች። ሦስት ዓመት ያፏጨባት ጆሮ ሊጠገንላት ተቃርቦ ነበር። ቤት ገብታ ለማዳም ሱዓድ ስትነግራቸው አሮጊቷ ጠረጴዛውን መቱ። «ሌላ ሰው ያንብብ! ኸላስ፣ በቃ! አንቺ ላይ ብቻ ነው እንዴ አንደበት ያለው?»

«ማዳሜ» አለች ሸዋረገድ፣ «ፋሲካ እኮ መዝሙር ያቆመችው በዚያ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን የምናሳያት በአማርኛ ስንጠይቃት ነው። እስከዚያ ሌላ ሰው ስንፈልግ ሴትየዋ ተስፋ ቆርጣ ታልቃለች።»

ማዳም ሱዓድ እጃቸውን ከጠረጴዛው አነሱ። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉ። «ወረቀቱን አምጪው» አሉ። «ድምፅሽንም ዝቅ አድርጊ። አርባ ዓመት ክፍል ውስጥ ቃል ሳስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከጮኽሽ ልጆቹ የሚሰሙት ጩኸቱን ነው፤ ቃሉን አይሰሙም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትምህርት ተጀመረ። ማዳም ሱዓድ የማያውቁትን ቋንቋ በመሣሪያቸው እያዳመጡ በእጃቸው ልክ ይሰጧታል። መዳፋቸውን ሲያወርዱ ዝቅ፣ ሲያነሱ ከፍ። «ሎሚ» ትላለች። «ዝቅ፣ ሀቢብቲ፣ የኔ ውድ።» «ሎሚ።» «አሁንም። ለሕዝብ አይደለም የምትናገሪው፤ አጠገብሽ ለተቀመጠች ለአንዲት ሴት ነው።» «ሎሚ።» «ትሬ ቢያን» ይላሉ ማዳም፣ በጣም ጥሩ ማለታቸው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሸዋረገድ እንደሌላው ሰው መናገር ቻለች። ጎረቤት ደንግጦ በር አንኳኳ።

ቀረጻው በአንድ ቀን አለቀ፤ መርፌው ቀዩን አልነካም። ቃላቱ መጀመሪያ ጆሯቸው ደህና በሆኑ ሴቶች ላይ ተሞከሩ። የብዙዎቹ የዕረፍት ቀን እሑድ ብቻ ስለሆነ ዶክተር ሩላ እሑድ እሑድ ክፍሉን ከፈተች። ጆሯቸው ከተጎዳው ሴቶች መጀመሪያ እንድትለካ የተጠራችው ፋሲካ ናት። በፍተሻ ላይ እንዳትያዝ ፈርታ ቀርታ ነበር፤ ሸዋረገድና ማዳም ሱዓድ በታክሲ ምካሌስ ድረስ ሄደው በመሃላቸው አስቀምጠው አመጧት።

ፋሲካ ማዳመጫውን አድርጋ ተቀመጠች። ነዲም በቀኝ ጆሮዋ የመጀመሪያውን ቃል ለቀቀ። ፋሲካ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ተጫነችው። ቀጥሎ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ይኼማ የሸዋዬ ድምፅ አይደለም!» አለች በመስታወቱ እያየቻቸው። «ሸዋዬ እንዲህ ቀስ ብላ ተናግራ አታውቅም!»

«ቃሉን ድገሚው አንቺ!» ብላ ሸዋረገድ ከውጭ ጮኸች፤ ያን ጊዜ ፋሲካ ሳቀች። «እሷ ናት፣ አሁን አወቅኋት። ዝናብ ነው ያለችኝ። ዝናብ።»

ገመድ አለች። ትራስ አለች። ጸሎት አለች። ከሃያ አምስቱ ሃያ አራቱን ደገመች፤ ነዲም ውጤቱን በጣቱ እየተከተለ ሁለት ጊዜ ቆጠረው። ያ የሞተ የተባለ ጆሮ ምንም አልሆነም ነበር። ወደ ግራው ሲዞሩ ግን ነገሩ ከበደ። ሸዋረገድ ነዲም አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ማዳመጫው የላከው ቃል «መጣ» ነው። ፋሲካ «መታ» አለች። ነዲም የትክክል ምልክት አደረገ።

«ስህተት ነው!» አለች ሸዋረገድ እጁን ይዛ።

«ያለችው እኮ ያንኑ ነው።»

«አንድ አይደለም። አንዱ ሰው ደረሰ ማለት ነው፤ ሌላው ሰው በጥፊ አለ ማለት ነው።»

ነዲም ደጋግሞ አስባላት፤ ለሱ ጆሮ ሁለቱም አንድ ነበሩ። በመጨረሻ እርሳሱን ሰጣትና ወንበሩን ወደ ጎን አደረገ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መልስ የምታርመው ሸዋረገድ ሆነች። ዶክተር ሩላም የዚያኑ ዕለት ሌሎቹን ወረቀቶች አውጥታ ከላያቸው ላይ «እንደገና ይለካ» ብላ ጻፈችባቸው። ፋሲካ ከክፍሉ ስትወጣ የማዳም ሱዓድ ትከሻ ላይ ግንባሯን አሳርፋ ቆየች፤ አሮጊቷ የዚያን ቀን ገና ያወቋትን ልጅ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉላት።

በዚህ መሃል ሸዋረገድ የራሷን ጆሮ ነገር ትታው ነበር። ሴቶቹ ግን አልተዉትም። ፋሲካ ለዶክተሯ ሄዳ «ለሷ ሌላ ቃል፣ ሌላ ድምፅ ብናመጣስ?» ስትላት ዶክተሯ ሳቀች፤ እሷም ሁለተኛ ዝርዝር እንደሚያስፈልጋት ካወቀች ሰንብታለች። አንድ ሁኔታ ብቻ ነበር፦ ሸዋረገድ አንዷንም ቃል አስቀድማ መስማት የለባትም። ሁለት ወር ሙሉ ስትገባ ጨዋታ የሚለውጡ ሴቶች በዙባት። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መቅዲ ወረቀት ወደ ደረቷ ስትሸጉጥ አይታ «ምን ሆናችኋል እናንተ?» ብላ ተቀየመች። ማዳም ሱዓድም ነገሩ ውስጥ ነበሩ፤ ፋሲካን በስልክ ዝቅ በይ፣ ከፍ በይ ሲሉ አንድ ቀን ሊያዙ ነበር።

ዝርዝሩ ተሞክሮ ሲያልቅ ዶክተር ሩላ ሸዋረገድን «ወንበሩ ላይ ተቀመጪ» አለቻት። ለምን እንደሆነ ሳይገባት ማዳመጫውን አደረገች። በቀኝ ጆሮዋ የዘማሪ ድምፅ መጣ፤ የፋሲካ ድምፅ፣ ለስላሳና ግልጽ።

«ጩኸት» አላት።

ሸዋረገድ መጀመሪያ አፈጠጠች። ከዚያ ሳቋ አልቆም አላት፤ ነዲም ፈተናውን አቁሞ ውኃ ሰጣት። ከውጭ በመስታወቱ ፋሲካ፣ መቅዲና ማዳም ሱዓድ ተደርድረው ያዩዋታል። «አንቺ ባለጌ!» ብላ ለፋሲካ እጇን አወዛወዘች። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና «ጩኸት» አለች። ቀጠሉ። በቀኙ አንድም አልሳተችም። በግራው ስምንት ሳተች። ቀዳዳ ካለበት ጆሮ የሚጠበቀው ይኼው ነበር፤ ነርቩ ደህና ነው፤ የጎደለው ታምቡሩ ብቻ ነው። ዶክተር ሩላ ስሟን ወደ ጥናቱ መለሰችው።

ቀዶ ጥገናው የተሠራው በኅዳር ነው። ከጆሮዋ ጀርባ ስስ ሽፋን ወስደው ቀዳዳውን ጣፉላት። ለሦስት ሳምንት ጎንበስ እንዳትል፣ ከባድ እንዳታነሳ፣ አፍንጫዋን እንዳትናፈጥ ታዘዘች። ማዳም ሱዓድ ትእዛዙን ወረቀት ላይ ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፉት። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ወለል መወልወያ ይዘው ከሳሎን ወጥ ቤት ሲመላለሱ ሸዋረገድ ሶፋ ላይ ተቀምጣ እጇን ታፋትጋለች። «ማዳሜ፣ ጥጉ ቀረ» ትላለች። «ዝም በይ፣ አንቺ በሽተኛ ነሽ» ይላሉ። ምስር ሾርባ ሠሩላት፤ ጨው አብዝተውበት ነበር፤ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

የጆሮዋ ማሸጊያ ሲወጣ ዶክተር ሩላ በግራ በኩል ቆማ አፏን በፋይል ሸፈነች። ሸዋረገድ ጥያቄውን አልጠበቀችም፤ «ሸዋረገድ እባላለሁ» አለች።

ሁሉም ነገር ግን አልተመለሰም። ፉጨቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ዶክተሯም ይጠፋል አላለቻትም። ስትደክም ይመጣባታል፤ ያን ጊዜ ሬዲዮ ከፍታ ሥራዋን ትቀጥላለች። ፋሲካ ለግራ ጆሮዋ ተራዋን ጠብቃ በሚያዝያ ተጠገነች። ከዚያ በፊትም ቢሆን ወደ መዘምራኑ ተመልሳ ነበር፤ ሸዋረገድ ነጠላዋን አጣጥፋ ሄዳ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ አዳመጠቻት። መጀመሪያ በዓረብኛ ከተለኩት አሥራ አንድ ሴቶች ዘጠኙ እንደገና ተለኩ፤ ሁለቱ አገራቸው ገብተው ስለነበር አልተገኙም። ለአንዷ ግን ነገሩ በእውነትም ነርቭ ሆነና የመስሚያ መሣሪያ ተሰጣት፤ ማዳም ሱዓድ እንዴት እንደሚጸዳ በእጃቸው አሳዩዋት።

ዶክተር ሩላ የጥናቱን ውጤት ሐኪሞች በተሰበሰቡበት ስታቀርብ መጨረሻው ላይ የአሥራ አራቱን ሴቶች ስም አስነበበች። ወረቀት ያልነበራቸው በቅድሚያ ተጠይቀው፣ አንዳንዶቹ የክርስትና ስማቸውን ብቻ ሰጥተው ነበር።

አሁን ሸዋረገድ በወር ሁለት እሑድ ሆስፒታል ትሄዳለች። በቀደም ፋጡ የምትባል ከወሎ የመጣች ልጅ ብቻዋን መጥታ በር ላይ ቆማ ነበር። ፖሊስ እንዳይኖር ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ ታያለች። ሸዋረገድ ወንበር ስባላት አጠገቧ ተቀመጠች።

«ዶክተር ነሽ?» አለቻት ልጅቷ።

«አይደለሁም። እንደ አንቺው ነኝ።»

«ምን ያደርጉኛል?»

«ምንም። ቃል ይነግሩሻል፣ ትደግሚላቸዋለሽ። ያላወቅሽው ካለ አላወቅሁትም በይ፤ ማንም አይቆጣሽም።»

ፋጡ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። «በዓረብኛ ነው?»

«በአማርኛ ነው» አለች ሸዋረገድ፣ ለአንዲት ሴት ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ነይ፣ ተነሺ። ያላ፣ እንግባ።»